በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ የሚታዩ ቀላል ጭረቶችን ስለማስወገድ

ላስታ የተራራ አገር ነው፤ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ሰፊ ሐይቅ የለውም። ሆኖም የላሊበላን አሥራ አንድ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሊጎበኝ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ባሕር ዳርንም በጉዞው ያካትታል፤ በዚያም ወደ ጣና ደሴት ገዳማት የሚሻገረው በጀልባ ነው። የሚከተለው ማብራሪያ የፋይበርግላስ ጀልባ ላላቸው ባለንብረቶችና ነጂዎች የተዘጋጀ ነው።

ፋይበርግላስ በሬዚን ተነክሮ የደረቀ የመስተዋት ክር ንጣፍ ነው። በላዩ ጄል ኮት የተባለ ቀለም ያለው ሽፋን አለ፤ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። ይህ ስስ ሽፋን ለጀልባው ውበት ከመስጠቱም በላይ ውኃ ወደ ክሩ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ጭረትን በፖሊሽ ማጥፋት ማለት ጭረቱን መሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሽፋን እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ፍቆ ማሳሳት ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት በተፈለፈለው የላሊበላ ሕንፃ ላይ ተፍቆ የተነሣ ድንጋይ እንደማይመለስ ሁሉ፣ የተፋቀ ጄል ኮትም አይመለስም። የደንገል ታንኳ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል፤ የፋይበርግላስ ጀልባ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያገለግለው ይህ ሽፋኑ ሲጠበቅ ነው።

በመሆኑም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጭረቱ ሊመረመር ይገባል። በውኃ ሲርስ ከዓይን የሚጠፋና ጥፍር ሲያልፍበት የማይዝ ጭረት ቀላል ነው። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ጥልቅ ነው፤ ክሩ ከታየ ደግሞ በሬዚንና በአዲስ ጄል ኮት ሊጠገን እንጂ ሊፋቅ አይገባውም። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ኮከብ ጨረር የሚበተኑ ስንጥቆች ከጭረት ጋር መደባለቅ የለባቸውም። እነዚህ ጀልባው ከዐለት ወይም ከወደብ ጋር መጋጨቱን፣ አለዚያም አካሉ ከመጠን በላይ መታጠፉን የሚያመለክቱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በፖሊሽ አለስልሶ ተሳፋሪ መጫን ጉዳቱን ከመርማሪም ከተሳፋሪም መሰወር ነው፤ ጀልባው በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ከሥራ መውጣት አለበት።

ለቀላሉ ጭረት ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጥና በፈሳሽ ሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። አሸዋ ከቀረበት ማጽጃው ጨርቅ ራሱ አዲስ ጭረት ያወጣል። በአሸዋ ወይም በሽቦ ማጠብም ጭረት ያመጣል። ከደረቀ በኋላ የጭረት ማጥፊያ ፖሊሽ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ተደርጎ በትንሽ ቦታ ላይ ይሞከራል። አብዛኛው ቀላል ጭረት በዚሁ ይጠፋል። ካልጠፋ ብቻ ቁጥር 1000 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 1500፣ በመጨረሻም 2000 እየረጠበ በቀስታ ይታሻል። በየደረጃው የማሻው አቅጣጫ ቢለወጥና ቦታው ቢታጠብ የቀደመው ወረቀት የተወው ምልክት መጥፋት አለመጥፋቱ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ፖሊሽ፣ በላዩም ሰም ይቀባል። በማሽን የሚሠራ ሰው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ማሽኑን በአንድ ቦታ ሳያቆይ ማንቀሳቀስ አለበት፤ ሙቀት ሽፋኑን ያቃጥላል። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ሽፋኑ ቶሎ ስለሚያልቅ በእጅ መሥራት ይሻላል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ሲነኩት እጅ ላይ ነጭ ዱቄት የሚተው ሽፋን የተጫረ ሳይሆን ፀሐይ የመታው ነው፤ ቀለል ያለ ፖሊሽና ሰም ይበቃዋል። ወደብ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ የሚተወው ጥቁር መስመርም እንዲሁ ብርጭቆ ወረቀት አያስፈልገውም።

ደረቅ ፍቆሽ ሳንባን ስለሚጎዳ ሠራተኛው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይኖርበታል። የእጥበቱ ነጭ ዝቃጭ በዕቃ ተይዞ ከሐይቁ ርቆ ይወገዳል፤ ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ፣ ዓሣ የሚወጣበት ውኃ ነው።