ዛፍ በሥዕል ስለሚሰጠው ምሳሌ

በሀና ማርያም ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወዳጄ በግቢያቸው ያለው አሮጌ ጥድ ጫፉ ቢደርቅ፥ ሊያስቆርጡት አስበው ምክር ጠየቁኝ። እኔም በመልስ ፈንታ አንድ የሥዕል ቅጂ አሳየኋቸው።

ሥዕሉ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓመት የሠራው «ብቸኛው ዛፍ» ነው፤ ዛሬም በበርሊን ይገኛል። በለምለም ሜዳ መካከል አንድ ታላቅ ዛፍ ቆሟል። ጫፉ ደርቆ ራቁቱን ቀርቷል፤ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ግን ለምልመዋል፤ እረኛም ግንዱን ተደግፎ ከበጎቹ ጋር ይታያል።

ይኸው ሠዓሊ ቀደም ብሎ በ1808 በተራራ ራስ ላይ የቆመ መስቀል ሥሎ፥ ዙሪያውን ጥድ በሚመስሉ ዛፎች ከቦት ነበር። ክረምት ከበጋ ቅጠላቸው ስለማይረግፍ የምእመናን ተስፋ ምሳሌ መሆናቸውን ራሱ ገልጧል። ራምዶር የሚባለው ሐያሲ ግን በ1809 ዛፍና ተራራ በመሠዊያ ላይ መሣሉን አጥብቆ ነቀፈ።

በእኛ በጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ውስጥ ዛፍ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም። ይህም እንደ እኔ አሳብ ሠዓሊዎቻችን ዛፍን ንቀው አይደለም፤ ጥዱና ወይራው ከደጅ በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ስለሚታይ ነው እንጂ። ዱሩ ባለቀበት በብዙ የደጋ አገር እንኳ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ተጠብቆ ቀርቷል። የሰፈሩም ስም የእመቤታችንን እናት ቅድስት ሐናን ያሳስባል። እመቤታችን ዝግባ በሚበቅልበት በሊባኖስ ተራራ ተወለደች ስለሚባል፥ ግንቦት 1 ቀን ሰው ሁሉ ከቤት ወጥቶ በደጅ ንፍሮ ይበላል።

ወዳጄ ይህን ሰምተው «ታዲያ ማገዶውስ?» አሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የአገራችን ጥድ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ አንድ ጊዜ ከተቆረጠም ከጉቶው የማያቆጠቁጥ መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸው ገና ሲያመነቱ፥ ሥዕሉን ስትመለከት የቆየችው ትንሽ ልጃቸው ቀና ብላ፥

«አባባ፥ የልደታን ንፍሮ ዘንድሮ ከየት ሥር ልንበላ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጥዱ እስካሁን አልተቆረጠም።