አፈር እንዴት ይፈጠራል? ዋጋውስ ምን ያህል ነው?

በቋንቋችን አፈር የትሑት ነገር ምሳሌ ነው። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን፤ ነገር የተበላሸበትን ሰው «አፈር ድሜ በላ» እንለዋለን። ይሁን እንጂ ጤፉም፣ ስንዴውም፣ እንሰቱም የሚበቅለው በዚሁ በናቅነው አፈር ላይ ነው። ስለዚህ አፈር ከየት እንደሚመጣ፣ ለመፈጠር ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

አፈር ምንድን ነው?

ብዙ ተማሪዎች አፈር የተፈጨ ድንጋይ ብቻ ይመስላቸዋል። ጥሩ የእርሻ አፈር ግን በይዘቱ ሲለካ ከግማሽ በጥቂት ያነሰው ማዕድን ነው፤ ይኸውም አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ ነው። የቀረው ግማሽ ያህል በቅንጣቶቹ መካከል ያለ ክፍት ቦታ ሲሆን፣ ውሃና አየር ይፈራረቁበታል። ከመቶ አምስት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰው ደግሞ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የተገኘ ብስባሽ ነው። ብስባሹ ጥቂት ቢሆንም ቅንጣቶቹን የሚያያይዘው፣ ውሃ የሚይዘውና በአፈር ውስጥ ለሚኖሩት ደቂቅ ሕያዋን ምግብ የሚሆነው እሱ ነው።

አፈርን የሚፈጥሩት ነገሮች

ሩሲያዊው ሊቅ ቫሲሊ ዶኩቻየቭ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሩሲያ ጥቁር አፈር ባሳተመው መጽሐፍ አፈር ራሱን የቻለ የተፈጥሮ አካል መሆኑን አስረዳ። ከእሱም በኋላ ሃንስ ዬኒ እ.ኤ.አ. በ1941 ጉዳዩን በሰፊው ተነተነው። በእነዚህ ሊቃውንት ትምህርት መሠረት የአፈርን ዓይነት የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የአየር ንብረት፣ ሕያዋን ነገሮች፣ መነሻው አለት፣ የመሬቱ አቀማመጥና ጊዜ ናቸው።

የኢትዮጵያን ደጋ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አብዛኛው ደጋ የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በረጋ ባዛልት በሚባል ጥቁር አለት ነው። አለቱ ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የዕፅዋት ሥርም ተከትሎ እየገባ ያሰፋዋል። ከዚህ በላይ ግን የሚሠራው ኬሚካዊው ለውጥ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከሚበሰብሱ ዕፅዋት የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህም አሲድ የአለቱን ማዕድናት ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ከእነርሱም ሸክላ ይፈጠራል። ዕፅዋት ሲበቅሉበትና ሲወድቁበት ብስባሽ ይጨመርበታል። ያን ጊዜ አፈር ሆነ እንላለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አለቱ አንድ ከሆነ በተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ዋልካ የምናየው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በተዳፋት ላይ ውሃው ወደ ታች ሰርጎ ስለሚሄድ በቀላሉ የሚሟሙት ንጥረ ነገሮች ታጥበው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ብረት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ልክ እንደ ዛገ ምስማር ይቀላል። በሜዳ ላይ ግን ውሃው ስለሚተኛ ታጥበው የመጡት ንጥረ ነገሮች እዚያው ይከማቻሉ፤ በዚህም ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ይፈጠራል። ዋልካው ጥቁር በመሆኑ ብቻ ብስባሽ የሞላበት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ብዙው ዋልካ ያለው ብስባሽ ጥቂት ነው።

አፈር ስንት ያወጣል?

የአፈርን ዋጋ በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ብንለካው ይሻላል። በኢትዮጵያ ደጋ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚገምቱት፣ በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት የሚፈጠረው አፈር እንደ ቦታው ከ2 እስከ 22 ቶን ነው። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ግምት ግን፣ ከታረሰ መሬት በጎርፍ የሚሄደው በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ነበር። ይህ አማካይ ስለሆነ ከዚያ የሚበልጥም የሚያንስም ማሳ አለ።

42 ቶን ሲባል ለተማሪ ብዙም ላይገባው ይችላል። እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱም 12 ቶን ያህል ነው። እንግዲህ 42 ቶን ማለት 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በዓይን አይታይም፤ ገበሬውም «ዘንድሮ መሬቴ ሄደ» አይልም። ነገር ግን ለሰብል ዋናው የሆነው የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር፣ ምንም ካልተተካ፣ በ57 ዓመት ውስጥ ያልቃል። አያት አርሶበት የነበረው መሬት ለልጅ ልጅ ሳይደርስ ድንጋይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

የሚሄደው አፈር ከቦታው ብቻ አይጠፋም። በዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ደለል በሱዳን የሮዛይረስን ግድብ ሲሞላው ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ይህ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙ በደለል ምክንያት ቀንሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍታው እንዲጨመር ተደርጓል። ስለሆነም በተራራ ላይ የሚሠራ እርከን በሸለቆ ያለውንም ግድብ ይጠብቃል።

መፍትሔው እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የድንጋይ እርከን እየሠራ ተዳፋቱን አርሶ ኖሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እርከኑ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አፈሩን ያግዳል፣ ውሃውም እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። ሌላው ብስባሹን ወደ መሬቱ መመለስ ነው። ኩበት በምድጃ በነደደ ቁጥር ማዳበሪያ ነደደ ማለት ነው። ይህን ስንል ግን ሌላ ማገዶ የሌላትን እናት ለመውቀስ አይደለም፤ ከቤት አጠገብ የማገዶ ዛፍ መትከል የአፈር ጥበቃም ክፍል መሆኑን ለማሳየት ነው።

ለክፍል ሥራ

1ኛ. በግልጽ ጠርሙስ ሲሦ ያህል አፈር ጨምሮ ውሃ መሙላት፣ በደንብ ነቅንቆ ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ይከተላል፣ ሸክላው ውሃውን አደፍርሶ ያድራል። ያልበሰበሰው ቅጠልና ሥር ይንሳፈፋል። የተዳፋቱንና የሜዳውን አፈር ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል።

2ኛ. ሁለት ሣጥኖች አዘጋጅቶ በአንዱ ሣር ያለበት፣ በሌላው ባዶ አፈር ማድረግ፤ እኩል አዘንብሎ እኩል ውሃ በወንፊት ማፍሰስ። ከየሣጥኑ የወረደውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብሎ ማሳየት ነው። ሁለቱ ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገራሉ።