የቃል ትእዛዝና ፊርማ፦ በሥራ ቦታ ስለሚሰጥ ውሳኔ ሥነ ምግባር

ዛሬ የተሰበሰብንባት ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ነገ እንዲህ ባለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ትሠራላችሁ። ስለ ሥነ ምግባራዊ አመራር ስናስተምር ጉቦ ላይ እናተኩራለን፤ ለእኔ ግን ከባዱ ፈተና ከበላይ በስልክ የሚመጣውና በጽሑፍ ያልሰፈረው ትእዛዝ ነው።

ማሳያዬ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዳኝነት ዘመናቸው የሰጡት አንድ ውሳኔ ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ ከ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ክፍፍል በኋላ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ የዋስትና ጥያቄያቸው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለእርሳቸው ቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዋስትናን መብት ያደርጋል፤ መከልከል የሚቻለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ዳኛዋ አቶ ስዬ በዋስ እንዲለቀቁ ወሰኑ። ተጠርጣሪው ግን ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ በአዋጅ ቁጥር 239/1993ም በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና በር ተዘጋበት።

«ታዲያ ውሳኔው ምን ፈየደ?» የሚል ይኖራል። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታስረዋል፤ በኋላም ጥፋተኛ ተብለዋል። ነገር ግን በዚያ ዕለት ለዳኛዋ የቀረበው ጥያቄ ሰውየው ጥፋተኛ ናቸው ወይ የሚል አልነበረም፤ በጊዜው ሕግ ዋስትና ይገባቸዋል ወይ የሚል ነበር። ሕጉን መለወጥ ማስፈለጉ ራሱ ለመልሳቸው ምስክር ይመስለኛል።

ዳኛን ለሕግ ብቻ እንዲገዛ የሚያዝና ነጻነቱን የሚያውጅ አንቀጽ 79 አለ፤ አልፎ አልፎ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀርም። የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ቦታ «በቶሎ ይፈረምለት» ሲባል፣ እምቢ ካለ ዝውውር ይጠብቀዋል። ከፈረመ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት፣ ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ለፈጸመ ሰው «አለቃዬ አዘዘኝ» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። «ትእዛዙ በጽሑፍ ይድረሰኝ» ማለት ይችላል፤ ይህም ቢሆን ድፍረት ይጠይቃል።

ስለዚህ ክብደቱን ከበታች ሠራተኛው ይልቅ በኃላፊው ላይ አደርገዋለሁ። በቃል የሚያዝ፣ በሌላ እጅ የሚያስፈርም ኃላፊ ጉቦ ባይቀበልም ውሳኔውን ከራሱ ስም አሽሽቷል። ይህን የሚከለክል የአሠራር ደንብ በወረዳ ደረጃ እንዴት ይጻፍ የሚለውን ከጥያቄዎቻችሁ ጋር እንመልከተው።