እጥበት ላይ ላለ ታማሚ የደም ግፊት ደብተር

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን የኩላሊት እጥበት ወይም ዲያሊሲስ የሚከታተል ወላጅ ወይም ዘመድ ያላችሁን ቤተሰቦች ይመለከታል።

ብዙዎቻችን በሽታው ኩላሊት ላይ ብቻ ያለ ይመስለናል። ነገር ግን እጥበት ላይ ያሉ ታማሚዎችን ከሁሉ ይበልጥ ለሞት የሚዳርጋቸው የልብ በሽታ ነው። ለምን ቢባል፣ በሽንት መውጣት የነበረበት ውሃና ጨው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። ልብ ይህን ጫና ስትቋቋም ግድግዳዋ እየወፈረ፣ ኃይሏም እየደከመ ይሄዳል።

«ለእጥበት በሄደ ቁጥር ይለካ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይለካል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ከእጥበት በፊት ውሃው ስለተጠራቀመ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ውሃው ሲወጣ ደግሞ ይወርዳል። ትክክለኛውን ሁኔታ ይበልጥ የሚያሳየው በእጥበት ቀናት መካከል ቤት ውስጥ የሚለካው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በሳምንት 3 ጊዜ በሚታጠቡ ከ32 ሺህ በላይ ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ሞትና የልብ ሕመም ከ2 ቀን ክፍተት በኋላ በሚውለው ቀን እንደሚበዛ አሳይቷል። በሀገራችን ደግሞ በወጪው ክብደት የተነሳ በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ በርካታ ናቸው።

አለካኩ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ፣ ቡና ከተጠጣም ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ታማሚው ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አሳርፎ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። መለኪያው ለእጥበት ቀዶ ጥገና በተደረገለት ክንድ ላይ ፈጽሞ አይታሰር። ግፊቱንና ክብደቱን ከነቀኑ በደብተር ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። መድኃኒት ግን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፤ በእጥበት ሰዓት ግፊት ከመጠን በላይ መውረዱም ልብን ይጎዳል።

ጨው ቀንሱ፤ ጨው ያስጠማል፣ ጥምም ውሃ ያስጠጣል። በረመዷን የኢፍጣር ማዕድ ላይም ጨው የበዛበት ሾርባ አታቅርቡለት። ተምርም ፖታሲየም ስለሚበዛበት የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል፤ መጠኑን ሐኪሙን ጠይቁ። ስለ ጾሙም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይወስን፤ አላህ ለታመመ ሰው አግርቶለታል።

የወላጅን ክንድ ይዞ ግፊቱን መለካት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ የወላጅ ሐቅ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው።