አቃቂ፦ ከባቡር ጣቢያ ወደ ክፍለ ከተማ

ከመሐል አዲስ አበባ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቆረቆረችው አቃቂ በሰቃ ዛሬ ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም፤ የርዕሰ ከተማዋ አካል ሆናለች። ነዋሪዎቿ ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ አስተዳደራቸው በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። በአንድ ቤተሰብ እጅ ያሉ የቦታ ሰነዶች የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን ማኅተም ይዘው የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለከተማዋ ዕድገት መነሻው የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው መሥመር በ1907 ዓ.ም. ግድም አቃቂ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ጣቢያውን ተከትሎ ገበያና መንደር ተስፋፋ። በ1950ዎቹ መባቻ በሕንድና በኢትዮጵያ ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ሌሎችም ድርጅቶች ሠራተኛን ከየአውራጃው ሳቡ፤ የወዛደር ሰፈሮችም በሐዲዱና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በቀሉ። ወንዙ ግን የልማቱን ዋጋ ከማንም በላይ ከፍሏል፤ የፋብሪካውንም የከተማውንም ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳልና።

በነዋሪው ይዞታ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ኋላም አቃቂ ወደ አዲስ አበባ ተጠቃለለች። በ1995 ዓ.ም. ርዕሰ ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ከቃሊቲ ጋር ተጣምራ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ተባለች። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ መነሣቱና የጋራ መኖሪያ ቤቶች መበራከታቸው ደግሞ የቀድሞውን የእርሻ መሬት ሳይቀር የከተማ አድርጎታል።

ይህ ታሪክ ለባለጉዳዩ የወረት ወሬ አይደለም። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 በሊዝ የተገኘን ቦታ ከነባር ይዞታ ለይቶ ያያል፤ ነባር ይዞታ የሚባለውም በዋናነት ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ ነው። ስለሆነም ይዞታው መቼና ከየትኛው አካል እንደተገኘ ማስረዳት ግድ ይሆናል። በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ወይም በቀበሌ ስም የተሰጠ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የውርስ ማስረጃ ያለው ነዋሪ፣ ሰጪው መሥሪያ ቤት ዛሬ በዚያ ስም አለመኖሩን አይቶ ሰነዱን ሊጥለው አይገባም። አዲስ ማስረጃ ቢያወጣም አሮጌውን አብሮ ያስቀምጥ።