ሣር የሚመልሰው ብርሃን

ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዐይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን ወደ ላይ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው ቁጥር ይገኛል። ሣሩ ከቀዩ 8 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ 50 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 0.72 ነው። ሲደርቅ ቀዩ ወደ 20 ወጥቶ ኢንፍራሬዱ ወደ 30 ቢወርድ፣ ቁጥሩ 0.2 ይሆናል። ስሌቱ ይኸው ነው። የስታዲየም ሣር ተንከባካቢዎችም በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይህንኑ ይለካሉ።

ቁጥሩ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ሣር የቤተሰብ ሀብት በሆነበት አገር ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ የከብት መድን ጀመረ። በ2012 ደግሞ መድኑ ድንበር ተሻግሮ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል ቦረና ገባ። በየበረሃው እየዞረ የሞተ ከብት የሚቆጥር ሠራተኛ ቢቀጠር ወጪው ከአረቦኑ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ሣሩን ከላይ ሆኖ የሚለካው ሳተላይት ነው። ሥራውን በመምራት የደከመው ኬንያዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንድሪው ሙዴ በ2016 የኖርማን ቦርላግን ሽልማት አግኝቷል፤ ይገባዋል።

ሞያሌ ላይ አንድ አዛውንት፣ «ሳተላይቱ የእኔን ላሞች ከጎረቤቴ ላሞች በምን ይለያል?» ብለው ጠይቀውኛል። አይለይም፤ ላም የሚባል ነገር ጭራሽ አያይም። ከላይ ሲታይ መሬቱ 250 ሜትር በ250 ሜትር እየሆነ ይከፋፈላል፤ ከየቁራጩም የሚመዘገበው አንድ ቁጥር ነው። ደመና ቁጥሩን ስለሚያወርደው፣ በአሥር ቀን ውስጥ ከተለካው ከፍተኛው ይወሰዳል።

ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚስቱት ቀጥሎ ያለውን ነው። ማርሳቢት ውስጥ ያለችው ዳበል ከጎጃም ጋር አትወዳደርም። ከጎጃም የመጣ እንግዳ የዳበልን ሜዳ በጥሩ ዓመት ቢያየው እንኳ «ደርቋል» ይላል። ለዚያ አገር ግመልና ፍየል ግን ያ ጥጋብ ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ቁጥር የሚመዘነው በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ወቅት፣ ባለፉት ዓመታት ከተመዘገበው ጋር ነው። ካሳ የሚያስከፍለው ከራሱ ልማድ እጅግ ዝቅ ማለቱ ነው። 0.3 ለአንዱ ቀበሌ ድርቅ፣ ለሌላው ደኅና ዓመት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያስረዱ መድን የሚሸጡ ወኪሎች አርብቶ አደሩን ይበድላሉ፤ ካሳ ባልተከፈለበት ወቅት ሰውየው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም።

ከእነዚህ ቁጥሮች የግጦሽ ካርታ የሚያወጡትንም እወቅሳለሁ። ብርሃኑ አረንጓዴውን ይነግረናል እንጂ የሚበላውን አይነግረንም። በቦረና ግራሩና ቁጥቋጦው ሣሩን እየወረረው ነው፤ ላም የማትበላው ቁጥቋጦም ካርታው ላይ ለምለም ሆኖ ይታያል። ቆሞ የደረቀ ሣር በተቃራኒው ከብት እየበላው ቁጥሩን ያወርዳል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከሸፉ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ምድሩ ቶሎ አረንገዷል፤ ያለቀው መንጋ ግን በአንድ ዝናብ አይተካም።

እናም የግጦሽ ሪፖርት የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ «ግጦሹ ጥሩ ነው» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ከብት የሚያግድ ሰው ጠይቁ፤ መልሱንም ከካርታው ጎን ጻፉት።