ኒም ነው ብለን የተከልነው ዛፍ

የካኩማን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ስለ ጥላ ጥቅም አንሰብክም። ካምፓችን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለው በደረቁ የቱርካና ምድር ላይ ነው፤ በቀትር ሰውም ፍየልም የሚሻማው ለዛፍ ሥር ነው።

ከአራት ዓመት በፊት እኛ መምህራን ከሰው ያገኘነውን ፍሬ «ኒም ነው» ብለን ትምህርት ቤታችን ግቢ ዘራን። ከቧንቧ ሥር የሚፈሰውን ውኃ በጀሪካን እያጠራቀምን አጠጣን፣ ፍየል እንዳይበላውም ዙሪያውን በእሾህ አጠርን። ዛፉም አላሳፈረንም፤ ቶሎ አድጎ አንድ ክፍል ተማሪ ያስጠልል ጀመር።

ባለፈው በጋ ግን ቅጠሉ ሙልጭ ብሎ ረገፈና ቢጫ ፍሬው ብቻ በዘለላ ቀረ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ፍሬውን እንደ ብይ ሲጫወቱበት አንዱ ወደ አፉ ሊከተው ሲል ደረስንበት። የበሰለ የኒም ፍሬ ልጆች ይመጡታል። ይሄኛው ግን የኒም ዘመድ የሆነው ሜሊያ ነው፤ አገር ቤትም ብዙ ሰው ኒም ይለዋል። ፍሬው መርዝ ነው። ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ ከበዛም ይገድላል።

ታዲያ በምን እንለያቸው? የኒም ቅጠል ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደረ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ነው። የሜሊያው ዘንግ ግን ራሱ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ያሉት በዚያ ላይ ነው። የኒም አበባ ነጭ፣ የሜሊያው ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። የኒም ፍሬ ሞላላ፣ የሜሊያው ድቡልቡል ነው። ኒም ድርቅ ካልጠናበት በቀር ቅጠሉን ጨርሶ አያራግፍም። እኛ ሐምራዊውን አበባ እያየን አልጠረጠርንም፤ አስተማሪም ይሳሳታል።

ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ብለን ብዙ ተከራከርን። ጥላውን ማን ይጠላል! በመጨረሻ አጠገቡ እውነተኛውን ኒም ተከልን፤ እሱ ሲደርስ ያኛው ይቆረጣል። እስከዚያው የረገፈውን ፍሬ በየማለዳው፣ ደወል ሳይደወል እንጠርጋለን። ኒም መትከል የምትፈልጉ ዘሩን አታቆዩት፤ ሥጋውን አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝሩት።

እናቶች ሆይ፣ ከኛ ግቢ ቅጠል ወስዳችሁ አትቀቅሉ፣ ለመፋቂያም አትቁረጡ። ልጅ ፍሬውን ከዋጠ ምልክት ሳትጠብቁ ክሊኒክ ውሰዱት፤ ፍሬውንም ይዛችሁ ሂዱ።